ዓርብ በሰባት ሰዓት ተኩል የተዳሰሰ ሽቦ

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ንብረት ክፍል ሄጄ የመሥሪያ ቤቱን ዕቃ አስረከብኩ። ምሰሶ መውጫ ቀበቶ፣ ፒንሳ፣ የጎማ ጓንት፣ ሞካሪ፣ አራት የሥራ መዝገቦች። የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሠራተኛ አንድ በአንድ ከወረቀቷ ጋር አመሳክራ ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሰንጢ ተረፈች። ወረቀቷን ሁለቴ አገላብጣ ካየች በኋላ ይቺ ዝርዝር ውስጥ የለችም ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። ሰንጢዋ የመንግሥት ሆና አታውቅም፤ የጋሽ ሐምዛ ነበረች። ሃያ ሰባት ዓመት ጅማና ዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ሽቦ ስገጥም ኖሬ ከሥራው ይዤ የወጣሁት ዕቃ እሷን ብቻ ነው።

ስቀጠር ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። ከዚያ በፊት በአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሞተር አንቀሳቅስ ስለነበር ኤሌክትሪክ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የማውቀው ግን ማብሪያውን ወደ ላይ ሲያደርጉት እንደሚነሳ፣ ወደ ታች ሲያደርጉት እንደሚቆም ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ የመስመርና የገጠማ ቡድን ውስጥ መደበኝ። ደመወዙን አላነሳውም፤ እሱም እኔን አላነሳኝም።

የቡድኑ መሪ ጋሽ ሐምዛ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት እዚያው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ነው፤ አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሰው። አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ ሲቆጡ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ሱሪያቸው ሁሉ ቀኝ ጭኑ ላይ ጥቁር ነበር፤ ምክንያቱም ሽቦ የፋቁበትን ሰንጢ የሚጠርጉት እዚያ ላይ ነው። ባለቤታቸው ለበዓል አዲስ ሱሪ ሲገዙላቸው ጭኑን አስቀድመው በጥቁር ጨርቅ ቢጥፉት ይሻል ነበር እያልን እናወራ ነበር፤ እርግጥ እሳቸው በሌሉበት።

አፋፋቃቸው የተለየ ነበር። እኛ የሽቦውን ጎማ ከላጥን በኋላ ሁለት ሦስቴ ፋቅ አድርገን እንገጥማለን። እሳቸው ሽቦውን በጣታቸው እያሽከረከሩ ዙሪያውን ሁሉ፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት እስኪያብለጨልጭ ድረስ ይፍቃሉ። ከፋቁት በኋላ አይነኩትም፤ የጣት ላብ እንኳን አይፈልጉም። ገጥመው ሲጨርሱ ደግሞ ማንም ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። መብራቱ ይለቀቃል፣ ሞተሩም ምድጃውም ያለው ሁሉ ይነሳል፣ እኛ አንድ ሰዓት ቁጭ እንላለን። ከዚያ መስመሩን ይዘጋሉ፣ በሞካሪ ያረጋግጣሉ፣ የእጃቸውን ጀርባ መጀመሪያ ሽቦው ላይ፣ ቀጥሎ መጋጠሚያው ላይ ያሳርፋሉ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ዕቃችንን እንሰበስባለን። መጋጠሚያው ሞቅ ካለ ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። ሰባት ጊዜ ሲፈቱ አይቻለሁ፤ ያን ቀን ምሳም አልበላን።

መጀመሪያ አካባቢ በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እኔ ከግድቡ ተነስቶ እየገሰገሰ ጅማ የሚደርስ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሳቁብኝ። የሚሄደው ነገር ከሩቅ አይመጣም፣ እዚሁ ብረቱ ውስጥ ድሮም አለ አሉኝ። መጽሐፉ ኤሌክትሮን ይላቸዋል፤ ጋሽ ሐምዛ ሰዎቹ ይሏቸው ነበር። እንጨት ውስጥ ያሉት ሰዎች እያንዳንዳቸው ቤታቸውን ዘግተው የተቀመጡ ናቸው፤ መዳብና አሉሚኒየም ውስጥ ያሉት ግን ጎዳና ላይ የወጡ፣ ገፊ ብቻ የሚጠብቁ ናቸው። ጄኔሬተሩ ይገፋል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈቀቅ ይላሉ። በኋላ አዲስ አበባ ለሥልጠና ስሄድ መምህሩ እያንዳንዳቸው ከጉንዳን ባነሰ ፍጥነት እንደሚሄዱ ነገረን። መብራቱ ወዲያው የሚበራው አንዱ ሮጦ ስለሚደርስ ሳይሆን ሰልፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድነት ስለሚንቀሳቀስ ነው። ጋሽ ሐምዛ ሥልጠና ሳይሄዱ ይህን ከየት እንዳወቁት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መጋጠሚያ ለምን እንደሚሞቅ ያስረዱኝ ግን በመስጊዳቸው ነው። የዓርብ ሶላት ሲያልቅ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ በር ይወጣል። ግቢው ውስጥ ማንም አይጨነቅም፣ መንገዱም ላይ ማንም አይጨነቅም፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚፋተገውና የሚያልበው በሩ ላይ ነው። በሩ ጠባብ ከሆነ ላቡ ይብሳል። መጥፎ መጋጠሚያም ጠባብ በር ነው አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ ሰቃ ከተማ አንድ ምሰሶ ሥር ተቀምጠን ቆሎ እየበላን ነበር፤ በደንብ የገባኝ መሰለኝ።

በዚያ ጊዜ ችግራችን ሁለቱን ብረቶች ማስማማት ነበር። አዲሱ መስመር ሁሉ አሉሚኒየም ነው፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። የድሮዎቹ ቡና መፈልፈያዎች ውስጥ ያለው ግን መዳብ ነው። አሉሚኒየም ጠባዩ ክፉ ነው። ፍቀህ ዞር ከማለትህ አየሩ ስስ ቆዳ ያለብሰዋል፤ በዓይን አታየውም፣ ቆዳው ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለዚህ ነው ቅባት ቀብተህ በቅባቱ ውስጥ የምትፍቀው። ስታጠብቀው ደግሞ እንደ ሊጥ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ መጋጠሚያው ይላላል። ከመዳብ ጋር እርጥበት ካገኛቸው አንዱ አንዱን ይበላዋል፤ የሚበላው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። ዛሬ ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማያያዣ በካርቶን ይመጣል። ያኔ ግምጃ ቤቱ ባዶ ስለሚሆን መዳቡን ለብየዳ በሚቀልጠው ስታኞ ውስጥ እየነከርን፣ አሉሚኒየሙን በቅባት እየፋቅን በእጅ እናስር ነበር።

ሊሙ ሠራሁ፣ አጋሮ ሠራሁ። አለቆች ተፈራረቁብኝ። አንዱ ምሰሶ አጠገብ መቆም የሚፈራ ነበር፤ ሥራችንን የሚቆጣጠረው መኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል ባይ ነበር። እሱ ነው የጋሽ ሐምዛን የአንድ ሰዓት ልማድ ሰምቶ ወደደውና በመዝገብ እንዲገባ ያዘዘው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሥራ ሥር ቀን፣ ሰዓት፣ "ከአንድ ሰዓት በኋላ ተዳሰሰ" የሚል ዓረፍተ ነገርና ውጤቱ ይጻፍ ጀመር። ጋሽ ሐምዛ ትእዛዙን ሲሰሙ ሽቦው ማንበብ አይችልም አሉ።

ራሴን ችዬ መሥራት በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ከአጋሮ ወዲያ ወዳለ አንድ የቡና መፈልፈያ ተላክሁ። ባለቤቱ ሐጂ ነበሩ፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ከድር የሚባል የኔ እኩያ፣ ዝምተኛ ሰው። ደረቁን ቡና ማሽኑ አፍ ውስጥ ሲጨምር ድምፁን እየሰማ ነበር፤ ማሽኑ ሲያጉረመርም እጁን ይሰበስባል፣ ሲቀለው ይጨምራል። ያየሁት ጠዋት መስመሩን ከማቋረጤ በፊት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ የእጁን ልክ ማወቁን ግን ሙያ ያለው ሰው ወዲያው ያየዋል።

ሥራዬ ከምሰሶ የመጡትን ሦስት የአሉሚኒየም ሽቦዎች ግድግዳው ላይ ከድሮዎቹ መዳቦች ጋር መግጠም ነበር። ሁለቱን ጋሽ ሐምዛ እንዳስተማሩኝ ገጠምኩ። ለሦስተኛው ቅባቱ አለቀብኝ። ዕቃዬን በረበርኩ፣ የለም። አጋሮ ሄዶ መመለስ ቀኑን ይወስደዋል፤ እኔ ደግሞ ወደ ጅማ የምትመለሰው መኪና በስምንት ሰዓት እንዳታመልጠኝ እያሰብኩ ነበር። ደረቁን ፋቅኩት፣ አብለጨለጨ፣ በፍጥነት አሰርኩት። መጥፎ ከሆነ ስዳስሰው አገኘዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስኩ። ከድር ማሽኑን አስነስቶ ጥቂት እንደሠራ አዛን ሲሰማ አጠፋው። ቀኑ ዓርብ ነበር። ሐጂም፣ ከድርም፣ ተሸካሚዎቹም ታጥበው ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔ ደንቡን አክብሬ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዋናውን ማብሪያ ዘጋሁ፣ በሞካሪ አረጋገጥሁ፣ የእጄን ጀርባ ሽቦዎቹ ላይ አሳረፍሁ፣ ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹ ላይ። ሦስቱም ቀዝቃዛ ነበሩ። ደስ አለኝ። በመዝገቤ ጻፍኩ፣ ማብሪያውን መለስኩ፣ የእንጨት ሳጥኑን ከድኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ከሶላት የሚመለሱትን አገኘኋቸው፤ ከድር ምሳ ብላ አለኝ፤ መኪና ልታመልጠኝ ነው አልኩት።

መፈልፈያው የተቃጠለው የዚያ ዓመት አዲስ ቡና በገባበት ወር ነው፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ማሽኑ ሙሉ ጭነት ላይ እያለ። ከግድግዳው የተነሳው እሳት ጣሪያው ላይ የተከማቸውን የገለፈት ብናኝ ያዘው፣ ከዚያ ወደ መጋዘኑ ተሻገረ። ከድር ሰዎቹን ካስወጣ በኋላ ተመልሶ ገብቶ ዋናውን እጀታ ስቦ አጠፋው። የጋለው እጀታ የቀኝ እጁን መዳፍ አቃጠለው፤ እዚያ ቀረ ቢባል ይቀላል።

በሳምንቱ ነገሩ በግቢው ታየ። ሐጂ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ፖሊስ፣ ከመሥሪያ ቤታችን እኔ። ከመጀመራቸው በፊት ግድግዳውን አየሁት። ሁለቱ መጋጠሚያዎች ጠቁረዋል እንጂ እንደታሰሩ ነበሩ። ሦስተኛው ቦታ ላይ ምንም የለም፤ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ድንጋዩ ላይ ተንጠባጥቧል። ያለ ቅባት ያሰርኩት እሱን ነበር።

ማሽኑን ከአቅሙ በላይ አጉርሶ ያቃጠለብኝ ከድር ነው አሉ ሐጂ። ከድር እጁ ተጠቅልሎ ቆሞ ነበር። ፖሊሱ መዝገቤን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተዳሰሰ፣ ሦስቱም ቀዝቃዛ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከድር ወደ እኔ ዞረ።

"ማሽኑን አላስጨነቅሁትም። አንተ የሠራኸውን ታውቃለህ፣ ታደሰ፤ ተናገር።"

"ያለው መዝገቡ ላይ ያለው ነው" አልኩ።

ውሸት አልነበረም። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የማፍርበት ግን ያ እውነት ነው። ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ሥራዬን ፈራሁ። ከድር ከሥራው ተባረረ፣ ፖሊሱም ይዞት ሄደ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ለእኔ ብቅል አላስፈለገኝም፤ ጋሽ ሐምዛ በቂ ነበሩ። ወሬውን ሰምተው ኖሮ ሄርማታ ቤታቸው ድረስ መዝገቡን ይዤ እንድመጣ ላኩብኝ። በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር አንብብልኝ አሉኝ። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ ውጤቱንም አነበብኩላቸው። ሰምተው ጨረሱና ጠየቁኝ።

"ዓርብ በሰባት ሰዓት ተኩል ከድር የት ነበር?"

"ጁምዓ።"

"ማሽኑስ?"

ማሽኑ ቆሞ ነበር። ሽቦው ቀዝቃዛ የነበረው መጋጠሚያው ጥሩ ስለሆነ አይደለም፤ ውስጡ የሚሄድ ነገር ስላልነበረ ነው። ማሽን ካልተነሳ ሰልፉ አይንቀሳቀስም፣ ያልተንቀሳቀሰ ሰልፍ ደግሞ የትም ቦታ አይፋተግም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ የጠበቅሁት ባዶ ነገር ነው። የጋሽ ሐምዛን ልማድ ከነሰዓቱ፣ ከነእጁ ጀርባ ይዤ፣ ልማዱ የቆመበትን ምክንያት ብቻ ትቼው ነበር።

"የተዘጋ መስጊድ በር ላይ ማን ያልበዋል፣ ታደሰ?" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ሐጂን ያውቋቸዋል፣ በኦሮምኛ አለስልሰው ይነግሩልኛል ብዬ ነው። እንቢ አሉ።

"የገጠምከው አንተ ነህ፤ የምትፈታውም አንተ ነህ። ቶሌ?"

እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ግን አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በየቀኑ ምክንያት ነበረኝ፤ አንድ ቀን ዝናብ፣ አንድ ቀን ሥራ፣ አንድ ቀን የልጅ ሕመም። እነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ለእኔ ምክንያት ነበሩ፤ ለከድር የጣቢያ ወለል ነበሩ። ይህን ሳስብ ዛሬም ራሴን አልወደውም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄጄ ለሐጂና ለሽማግሌዎቹ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅባቱ ማለቁን፣ መኪናዋን፣ የሶላቱን ሰዓት። ሐጂ ያን ዕለት ለምን አልተናገርክም አሉኝ። ፈርቼ ነው አልኳቸው። ከድር በማግሥቱ ተፈታ። ማሽኑ ላይ ግን ሌላ ሰው ተቀጥሮ ነበር፤ ሐጂ ያን ሰው ማባረር አልሆነላቸውም። ሽማግሌዎቹ አስታረቁን። ይቅር በለኝ ብዬ እጄን ስዘረጋ ከድር ግራ እጁን ሰጠኝ። ቀኙ ስለተጠቀለለ ይሁን ስለሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። ይቅር ማለቱንም አልሰማሁም፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው ይቅር ብሏል ያሉልኝ።

መሥሪያ ቤቱ የወር ደመወዝ ቀጣኝና ለሁለት ዓመት ጌራ ወረዳ ምሰሶ ተካይ አድርጎ ላከኝ። ቅጣቱ ቀላል ነበር፤ ጭቃው ግን ቀላል አልነበረም። ስመለስ ጋሽ ሐምዛ ጡረታ ሊወጡ ተቃርበው ነበር። በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው ሰንጢዋን ጭናቸው ላይ ጠርገው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ አላህ ይማራቸው። ከጌራ በኋላ መዝገቤ ላይ "ማሽኑ እየሠራ" የሚል ቃል ጨመርኩ፤ በሥሬ ለሠሩትም ሁሉ ይህችን ቃል ሳይጽፉ እንዳይፈርሙ ከለከልኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም፤ የሽማግሌ ግትርነት መሰላቸው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሽጉጥ የመሰለ ሙቀት መለኪያ መጣ፤ ከመሬት ሆነህ አነጣጥረህ ቁጥር ታነባለህ። ጥሩ ዕቃ ነው። ማሽኑ ከቆመ ግን እሱም እንደኔ ቀዝቃዛ ነው ይልሃል።

ዕቃዬን ካስረከብኩ ወር እንኳን አልሞላም፣ አንድ ረቡዕ ከድር ቤቴ መጣ። እዚሁ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ወፍጮ ቤት እንደከፈተ በወሬ ሰምቼ ነበር፤ በዚያም መንገድ ማለፍ ትቼ ነበር። ሸብቷል። ባለቤቴ ግባ ብትለው ከበር አላለፈም። አዲስ መስመር ገብቶልኛል፣ ከድሮው መዳብ ጋር የሚገጥምልኝ ሰው እፈልጋለሁ አለ። ጡረታ መውጣቴን ነገርኩት፤ በመሥሪያ ቤቱ ያሉትን ልጆች ልጠራልህ አልኩት።

"አንተን ነው የምፈልገው። ዓርብ ጠዋት ና" አለኝና ሄደ።

ዓርብ ማያያዣውን ከነቅባቱ ገዝቼ ሄድኩ፤ ቅባቱን ሁለት ቆርቆሮ። የጋሽ ሐምዛን ሰንጢ አውጥቼ ፋቅሁ። ሦስቱንም በቅባቱ ውስጥ ፋቅሁ፣ በማያያዣው ገጠምኩ። ከድር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ስጨርስ አዛን ተሰማ። ታጥቦ ቆቡን አደረገና በሩን ሳይዘጋ ትቶልኝ ወጣ። አንድ ሰዓት ያህል ብቻዬን ከቆመው ወፍጮ ጋር ተቀመጥኩ። ሽቦውን አልነካሁም።

ተመልሶ መጣ። እህል የያዙ ሁለት ሴቶች አብረውት ነበሩ። ወፍጮውን አስነሳ፣ ጤፉን ጨመረ፣ ድምፁን እየሰማ እጁን ይሰበስባል፣ ይጨምራል፤ እንደ ድሮው። ከዚያ ሌላ ሰው መጣ፣ ሌላም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወፍጮውን አቆመና እኔ ማብሪያውን ዘግቼ በሞካሪ አረጋገጥሁ። እጄን ወደ ሽቦው ሳነሳ በክንዱ ከለከለኝ። ራሱ ቀረበ። የተኮማተረውን የቀኝ መዳፉን ገልብጦ ጀርባውን መጀመሪያ ሽቦው ላይ፣ ቀጥሎ መጋጠሚያው ላይ አሳረፈ። በሦስቱም ላይ እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ላይ ቆየ።

"እኩል ነው" አለ። "ጻፈው።"

መዝገቤን አስረክቤያለሁ አልኩት። ዱቄት የሚመዝንበት ሚዛን ላይ የነበረውን ጠመኔ አንስቶ ሰጠኝና ከማብሪያው በላይ ያለውን ግድግዳ አሳየኝ። ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ተዳሰሰ ብዬ ጻፍኩ፣ እኩል ነው ብዬ ጻፍኩ። ጠመኔውን ልመልስለት ስል አልተቀበለኝም።

"ማሽኑስ?" አለኝ።

እየሠራ ብዬ ጨመርኩ። ያኔ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ።